ተማሪን አክብሮ መጠየቅ ስለ ማስለመድ

ያገር ሰው ሲተርት «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል። ይህ ቃል ለቋንቋ ተማሪም የተገባ ነው። ልጅ በትምህርት ቤት ለተጠየቀው መመለስን ብቻ የለመደ እንደ ሆነ፤ ቋንቋውን በግማሽ ተማረ እንጂ ፈጽሞ ተምሮታል አይባልም። ቃሉን ያውቃል፤ ነገር ግን በገበያ ወይም በዳኛ ፊት በቆመ ጊዜ ጠይቆ መረዳት ይሳነዋል።

ይልቁንም አማርኛ የአፍ መፍቻው ላልሆነ ልጅ መጠየቅ ይከብደዋል። አንዱን ጥያቄ ለወንድ ልጅ «መቼ መጣህ?»፤ ለሴት ልጅ «መቼ መጣሽ?»፤ ለብዙዎች «መቼ መጣችሁ?»፤ ለሽማግሌ «መቼ መጡ?» ብሎ መለየት አለበትና። ሽማግሌውን «መጣህ» ቢል፤ ሳያውቅ ባጠፋው ደፋር ይባላል።

ስለዚህ መምህሩ ልምምዱን በሦስት ደረጃ ቢከፍለው መልካም ነው።

መጀመሪያ፤ ማን፥ ምን፥ የት፥ መቼ፥ ስንት፥ ለምን፥ እንዴት የሚሉትን ሰባት ቃሎች በሰሌዳ ይጻፍ። ልጆቹም ሁለት ሁለት ሆነው፤ እንደ እንቆቅልሽ ጨዋታ እየተፈራረቁ ይጠያየቁ።

ሁለተኛ፤ አንዱ ልጅ እንደ ሽማግሌ፥ አንዲቱ እንደ እናት፥ አንዱ እንደ ነጋዴ ሆነው ይቀመጡ፤ ጠያቂውም እንደ ተጠያቂው ክብር ግሡን ይለውጥ። «ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀ አዎን ወይም አይደለም የሚል አጭር መልስ ያገኛል፤ «እንዴት?» ወይም «ለምን?» ብሎ የጠየቀ ግን ታሪክ ይሰማል። ይህንም ልዩነት መምህሩ በግልጥ ያሳያቸው።

ሦስተኛ፤ አንድ የመንደር ሽማግሌ ወደ ትምህርት ቤት ይጠሩ። ልጆቹም አምስት ጥያቄ አስቀድመው ይጻፉ፤ ለምሳሌ በ1977 ዓ.ም. ስለ ደረሰው ረኃብ፤ «አባቴ፤ በዚያ ዓመት ምን ይበሉ ነበር? ከብቱንስ እንዴት አደረጉት?» ብለው ይጠይቁ። ሽማግሌው ስለ ኀዘናቸው ሊናገሩ ባይወዱ፤ ልጆቹ እንዳያስጨንቋቸው አስቀድሞ ይመከሩ። የሰሙትንም «እርሳቸው እንዲህ አሉ» እያሉ ይጻፉት።

መምህሩ በጥያቄው መካከል ገብቶ አያቋርጥ፤ ስሕተቱን መዝግቦ በኋላ ያርም። ሽማግሎችም «መጣህ» ያላቸውን ልጅ አይቈጡት፤ አይሣቁበትም፤ «መጡ በል፤ ልጄ» ብለው ያቅኑት እንጂ። የተሣቀበት ልጅ ሁለተኛ አይጠይቅምና፤ ካልጠየቀም ሽማግሎች ያዩትን የሚወርስ አይገኝም።