መኪናን የሚይዙት አራት መዳፎች

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር)



እኛ የመኪና ፍቅር ያለን ወጣቶች ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ መኪና ነው። «መኪና ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» የምትሉ አትጠፉም። ግን እዚህ ከተቀመጥነው ብዙዎቻችን መንጃ ፈቃድ ያወጣነው በቅርቡ ነው። አንዳንዶቻችን ሙሳህ ውስጥ እንሠራለን። ወላጆቻችንም ሜላቬ ሆነው፣ ቀበቷቸውን አጥብቀው፣ ከጎናችን ይቀመጣሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

አውቶክሮስ የሚባል ስፖርት አለ። በሰፊ አስፋልት ሜዳ ላይ የፕላስቲክ ኮኖች ይደረደራሉ፤ መኪኖቹ አንድ በአንድ፣ በየተራቸው፣ በኮኖቹ መካከል እየተጠማዘዙ ያልፋሉ። ሁለት መኪና ጎን ለጎን አይሽቀዳደምም፤ ሽቅድድሙ ከሰዓት ጋር ነው። በአሜሪካ ይህን ስፖርት የሚመራው ኤስ.ሲ.ሲ.ኤ. የተባለው የስፖርት መኪና ክለብ ነው። በደንቡ አንድ ኮን የገጨ ሰው 2 ሰከንድ ይጨመርበታል። አንዱ ዙር አንድ ደቂቃ ገደማ ስለሆነ 2 ሰከንድ ማለት ብዙ ነው። ጂምካና የሚባለው ውድድርም የዚሁ ዘመድ ነው።

እንዲህ ባለው ሜዳ ላይ ብዙ የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ሁልጊዜ አያሸንፍም። ቀጥ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ኩርባው ብዙ ነው። ለዚህ ነው ማዝዳ ኤም ኤክስ 5፣ ብዙዎች ሚያታ የሚሉት፣ በዚህ ስፖርት ስሙ የሚነሳው። በ1989 ለገበያ ሲወጣ ክብደቱ አንድ ቶን እንኳ አይሞላም ነበር። ሞተሩ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ክብደቱ ለፊትና ለኋላ እኩል ለመከፈል የቀረበ ነው። ጉልበት ከመፈለግ በፊት አያያዝን መፈለግ ይሻላል። ያለዚያ ነገሩ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል።

አያያዙ የሚመጣው ከየት ነው? ከጎማ ነው። እያንዳንዱ ጎማ መሬቱን የሚነካው የሰው መዳፍ በምታህል ቦታ ብቻ ነው። መኪናው ከነተሳፋሪው በአራት መዳፍ ላይ ነው የቆመው። መጠምዘዝም፣ መቆምም፣ መሮጥም በእነዚህ አራት መዳፎች ነው። ከዚህ በኋላ የምንነግራችሁ ሁሉ እነዚያን መዳፎች መሬት ላይ ስለማሳረፍ ነው።

መጀመሪያ የጎማ አየር። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መለኪያና ትዕግሥት ብቻ ይበቃል። አየሩ ከበዛ ጎማው መሐሉ ላይ ብቻ ይቆምና ይንሸራተታል። ካነሰ ደግሞ ኩርባ ላይ ጎማው ተጣሞ በጎኑ ይሄዳል። ተወዳዳሪዎች ይህን የሚያውቁት በጠመኔ ነው። የጎማውን ትከሻ ሦስት ቦታ ላይ ጠመኔ ይቀቡና አንድ ዙር ይነዳሉ። በብዙ ጎማዎች ትከሻ ላይ ትንሽ የሦስት ማዕዘን ምልክት አለች። ጠመኔው ከምልክቷ አልፎ ወደ ጎን ከተፋቀ 2 ፒ.ኤስ.አይ. ይጨምራሉ፤ ምልክቷ ጋ ሳይደርስ ከቀረ ይቀንሳሉ። ደግሞ ጎማ በነዱት ቁጥር ይሞቃል፣ ግፊቱም ይጨምራል፤ ስለዚህ በየዙሩ መለካት ነው። ወደ ቤት ከመመለስ በፊት ግን ጎማው ሲቀዘቅዝ በበሩ ላይ ወደተለጠፈው ቁጥር መመለስ ግድ ነው።

የጎማው ላስቲክም ይለያያል። በጎኑ ላይ ትሬድዌር የሚባል ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ላስቲኩ በአብዛኛው ለስላሳ ነው፤ አጥብቆ ይይዛል፣ ቶሎም ያልቃል። በአሜሪካው ክለብ የመንገድ መኪኖች ምድብ ውስጥ ከ200 በታች አይፈቀድም።

ሁለተኛው የጎማው አቋም ነው፤ ያው ኪቩን ጋልጋሊም የምንለው። መኪና ኩርባ ላይ ሲያዘነብል የውጭው ጎማ ወደ ውጭ ይወድቃል። ጎማው ከላይ በኩል ትንሽ ወደ ውስጥ ዘንበል ብሎ ከተሠራ ግን ኩርባው ላይ ሲደርስ መሬቱን በሙሉ መዳፉ ይይዛል። ይህ ካምበር ይባላል። ለአውቶክሮስ ብዙዎች ፊት ለፊት ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ያህል ያዘነብሉታል። ለዕለት መንገድ ይህን ያህል ማዘንበል የጎማውን የውስጥ ጠርዝ ቶሎ ይበላዋል። ሌላው ቶ ነው፤ የፊት ጎማዎች አፍንጫቸውን በጣም በጥቂቱ ወደ ውጭ ካዞሩ መኪናው ወደ ኩርባ ለመግባት ይፈጥናል፤ የኋላዎቹ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ከሆኑ ደግሞ ጀርባው ይረጋጋል።

ሦስተኛው ሞላ፣ አሞርቲዛቶሪና ግራና ቀኙን የሚያገናኘው የብረት ዘንግ ነው። መሪውን አዙረን መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ከፈለገ የፊቱ አያያዝ አንሷል ማለት ነው። ያን ጊዜ የፊቱን ዘንግ ማላላት ወይም የኋላውን ማጠንከር ይረዳል። ጀርባው እየወጣ ካስቸገረ ተቃራኒውን ነው። ሞላ መኪናው ምን ያህል እንደሚያዘነብል ይወስናል፤ አሞርቲዛቶሪው ደግሞ በምን ፍጥነት እንደሚያዘነብል። ኮን ለኮን ግራ ቀኝ ስንል ልዩነቱ ቶሎ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። መኪናውን መሬት እስኪነካ ዝቅ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ሞላው የሚንቀሳቀስበት ቦታ ካጣ ጎማው ይዘልላል፤ የዘለለ ጎማ ደግሞ ምንም አይዝም። ለዓይን ያምራል እንጂ ምን ዋጋ አለው?

የሥራው ሥርዓት ከዕቃው ይበልጣል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ መንዳት፣ ደብተር ላይ መጻፍ። ሦስት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው የረዳው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ወንድሞቻችን፣ ይህ ሁሉ የሜዳ ነው። ሌሊት በኢንዱስትሪ አካባቢ መንገድ ላይ መኪና ማንሸራተት አውቶክሮስ አይደለም። ሜዳ ላይ የሳተ ሰው የሚገጨው ኮን ነው። መንገድ ላይ ግን የመብራት ምሰሶ አለ፣ ከሥራ የምትመለስ እናት አለች። በአገራችን ክኔሴት በ2005 የስፖርታዊ መንዳት ሕግ አውጥቷል፤ ውድድር በፈቃድና በተፈቀደለት ቦታ ነው የሚካሄደው። የመኪናን አሠራር መለወጥም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያለዚያ ቴስት ላይ ችግር ነው፣ አደጋ ሲደርስ ደግሞ ከኢንሹራንስ ጋር ጣጣ ያመጣል። ሞላ ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ።

እውቀቱ ግን ለሁላችንም ይሠራል። ከረጅሙ በጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ መንገድ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ አስፋልቱን እንደ ሳሙና ያደርገዋል። ያን ቀን አራቱ መዳፎች ያስፈልጉናል። ኩርባ ሳንገባ ቀጥ ባለው ላይ ፍሬን መያዝ፣ መሪውን በእርጋታ ማዞር፣ ዓይንን ወደምንሄድበት አርቆ መላክ፤ የአውቶክሮስ ትምህርት ይኸው ነው።

አባቶችና እናቶች፣ ያገለገለ መኪና ስትገዙ የጎማውን ጥርስ ብቻ አትዩ። በጎኑ ላይ አራት አኃዝ አለ። ለምሳሌ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ ያረጀ ጎማ አለ፤ አዲስ ይመስላል፣ ዝናብ ላይ ግን አይዝም። ሻጩን ለመጠየቅ አትፈሩ። ማንበብ ካስቸገራችሁ ልጆቻችሁን ጥሩ፣ ያነቡላችኋል።

እናንተ ታናናሾቻችንም፣ መኪና የምትወዱ ከሆነ ፍቅራችሁን ሙያ አድርጉት። ጎማ መለካትና አቋም ማስተካከል የሚችል እጅ ሥራ አያጣም። ለዛሬ መለኪያችንን ይዘን መጥተናል። ስብሰባው እንዳለቀ መኪና ማቆሚያው ጋ እንጠብቃችኋለን። ጎማዎቻችሁ ሳይሞቁ መለካት ስላለባቸው፣ ከመነሳታችሁ በፊት አሳዩን።

እግዚአብሔር ሁላችንንም በሰላም ከቤታችን ያግባን።