ከግድቡ በታች የሚተኛው ማን ነው?



እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1977፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ቶኮዋ ከተማ አጠገብ ኬሊ ባርንስ የተባለ የአፈር ግድብ ተደረመሰ። ንብረትነቱ የመንግሥት ሳይሆን የአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ነበር። ዝናብ ሲጥል ሰንብቷል። ውሃው ከግድቡ በታች ባለው ፏፏቴ ተወርውሮ ወርዶ ተማሪዎችና መምህራን ከነቤተሰባቸው የተኙበትን ሰፈር ጠረገው። 39 ሰዎች ሞቱ፤ 20ዎቹ ልጆች ነበሩ።

የዚህን ግድብ ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር የሚከነክነኝ ቁመቱ ነው። 12 ሜትር እንኳ አይሞላም። ዓለም አቀፉ የታላላቅ ግድቦች ኮሚሽን «ታላቅ» የሚለው 15 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ወይም ከ5 ሜትር ጀምሮ ሆኖ ከ3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ የሚይዘውን ነው። ኬሊ ባርንስ በዚያ ሌሊት የያዘው ውሃ አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ አይደርስም ነበር። በመዝገብ ቋንቋ «አነስተኛ» ነው። ከበታቹ ለተኙት ግን የአንዱ ሜትር ኩብ ውሃ ክብደት አንድ ቶን ነው። ስለዚህ አንድ ግድብ አደገኛ መሆኑን ስንመዝን በመጀመሪያ መቁጠር ያለብን ከግድቡ በታች ያሉትን ቤቶች ነው፤ የግንቡ ቁመት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ግድቡ የተሠራው ለኤሌክትሪክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ማመንጨቱ ሲቆም ሥራ ፈታ፤ ሐይቁ ግን እንደሞላ ቀረ። ገቢ የማያስገኝ ግድብ ጠጋኝ አያገኝም። ቁልቁለቱ እጅግ ቀጥ ያለ ነበር፣ ዛፍ በቅሎበታል፣ በ1973 የተነሣ ፎቶግራፍ በታችኛው ገጹ ላይ አፈሩ ተንዶ እንደነበር ያሳያል። መርማሪዎቹ አንድን ነገር ብቻ ነጥለው ጥፋተኛ አላደረጉም፤ ለዓመታት የተከማቸ ቸልታ ነበር። ከአደጋው በኋላ ራሳቸው የጆርጂያ ሰው የነበሩት ፕሬዚዳንት ካርተር የፌዴራል መንግሥት ያልሆኑ አደገኛ ግድቦች እንዲፈተሹ አዘዙ። እስከ 1981 ድረስ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ ተፈተሹ፤ ሲሶ ያህሉ አስተማማኝ አይደሉም ተባለ። አስቡት፤ ከሦስት አንዱ!

የአፈር ግድብ በዋናነት በሁለት መንገድ ይጠፋል። የመጀመሪያው ውሃው በአናቱ ሲሻገር ነው። አፈሩን ከታችኛው ገጽ እየላጠ ወደ ላይ ይወጣል፤ አንዴ ከጀመረ በአካፋ የሚመለስ አይደለም። ከዚህ የሚያድነው የጎርፍ ማስተንፈሻው ብቻ ነው። በሃዋይ፣ በካዋይ ደሴት፣ ካ ሎኮ የተባለ የግል ግድብ እ.ኤ.አ. በማርች 2006 ተደርምሶ 7 ሰዎች ሲሞቱ፣ ምርመራው ማስተንፈሻው በአፈር ተደፍኖ እንደነበር የሚያመለክት ማስረጃ አገኘ። እኛም ዘንድ ማስተንፈሻውን በድንጋይና በጆንያ ዘግቶ «ትንሽ ውሃ ልጨምር» የሚል ሰው አይጠፋም። የሚጨምረው ውሃ የአንድ ሳምንት መስኖ ነው፤ የሚያጠፋው ግን ግድቡ ያለውን ብቸኛ መተንፈሻ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከውስጥ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንድ ጊዜ አንድ የእርሻ ባለቤት ግድቡን እንዳይለት ወሰደኝ። በግርጌው ዙሪያ ስንሄድ ሣሩ ከሌላው ይልቅ የለመለመበት ቦታ አየሁ። ጫማዬ ሰጠም። ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ ጣት የማያክል ውሃ ይንቆረቆራል። «ኢንጂነር፣ ይሄማ ከተሠራ ጀምሮ ያለ ነው» አለኝ። ከዘበኛው ጎጆ ብርጭቆ አስመጣሁና ሞልቼ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ቡና እስኪቀርብልን ውሃው ጠለለ፤ ከብርጭቆው ሥር ግን ቀጭን የደለል ሽፋን ተጋድማ ነበር። ያ ደለል ከግድቡ ሆድ የወጣ ነው። ጥርት ያለ ስርገት ብዙ ጊዜ ሊታገሡት ይቻላል፤ ድፍርስ ሲሆን ግን ውሃው አፈር እየበላ ነው ማለት ነው። ውሃው የሚቦረቡረው ዋሻ ከታች ተነሥቶ ወደ ሐይቁ ያድጋል። የዛፍ ሥርና የጃርት ጉድጓድ መንገዱን ያሳጥሩለታል። በዚያው ቀን የመስኖውን በር ከፍተን ውሃውን በዝግታ ማጉደል ጀመርን። በችኮላ ቢጎድል ደግሞ የላይኛው ገጽ እርጥብ እንደሆነ ሊንሸራተት ይችላል። በኋላ ስርገቱ በሚወጣበት ላይ አሸዋና ጠጠር በደረጃ ተነጠፈ፤ ውሃው ይለፍ፣ አፈሩ ግን ይቅር ብለን።

የዘበኛው ጎጆ ከግድቡ ሥር ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ብትርቅ ነው። ስንለያይ «ጌታዬ፣ ሌሊት ቢሆንስ ማን ይቀሰቅሰናል?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ በፊት ብዙ ግድብ አይቻለሁ፤ ይህን ጥያቄ ግን ከባለቤት አፍ ሰምቼው አላውቅም።

ጎረቤታችን ኬንያም ይህን ጥያቄ በመራራ መንገድ ተጠይቃለች። እ.ኤ.አ. በሜይ 9 ቀን 2018 ምሽት፣ በናኩሩ አውራጃ ሶላይ በተባለ ቦታ፣ በከባድ ዝናብ ወቅት የአንድ የግል እርሻ ግድብ ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። የውሃው ጥቅም ያለው ላይ፣ አደጋው ያለው ታች፤ ከታች ያሉት ደግሞ ግድቡ ሲሠራ የጠየቃቸው የለም። እኔ በግል ግድብ ላይ ሕግ ጠበቅ ይበል የምለው ለዚህ ነው። ባለቤቱ ግድቡን ያስመዝግብ፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት ባለሙያ ያሳይ፤ ከታች ያሉትም የማስጠንቀቂያ ምልክት ሲሰሙ በየት በኩል ወደ ከፍታው እንደሚወጡ በቀን ይለማመዱት። ይህ ወጪ ነው፤ አልክድም። መንግሥትም ለአነስተኛ ገበሬው የፍተሻውን ዋጋ ቢጋራ ተገቢ ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል፤ የግድብ ጥገና ደግሞ የሚረክሰው በበጋ ነው።

አሁን ዝናቡ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። ግድብ ያላችሁ ከዚህ አዳራሽ ሳትወጡ ቦታችሁን በዚህ ደብተር ላይ ጻፉልኝ። እመጣለሁ፤ በግርጌው አብረን እንዞራለን። አንድ ጥርት ያለ ብርጭቆ አዘጋጁ።