የቃል ባለ አደራ፦ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ

(በኮምቦልቻ፣ በአባላት ልጆች የንባብ ቀን ከቀረበ ንግግር)



እኛ በማህበሩ ሂሳብ ክፍል የምንሠራ ሴቶች ስለ መዝገበ ቃላት ስንናገር፣ አንዳንዶቻችሁ “ሂሳብና ቃል ምን አገናኛቸው?” ሳትሉ አትቀሩም። የሚያገናኛቸው “መዝገብ” የሚለው ቃል ነው። በግዕዝ መዝገብ ማለት ሀብት፣ ውድ ነገር የሚቀመጥበት ግምጃ ቤት ማለት ነው። የእኛ መዝገብ እናቶቻችሁ የሚቆጥቡትን ብር ይጠብቃል። መዝገበ ቃላት ደግሞ ሕዝብ ሲናገርበት የኖረውን ቃል ይጠብቃል። በሁለቱም በኩል ያልተጻፈ ነገር ውሎ አድሮ ይረሳል።

ዛሬ የምናወጋችሁ የአካባቢያችን ሰው ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ ይባላሉ። የዛሬ አራት መቶ ዓመት ገደማ የኖሩ ካህን ሲሆኑ፣ አገራቸው መካነ ሥላሴ ነው፤ ያን ጊዜ ቤተ አምሐራ፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው ምድር። አንዱን የዓለም ክፍል ከሌላው የሚያገናኝ ስልክ፣ መኪና፣ አውሮፕላን ባልነበረበት ጊዜ ከዚህ ተነሥተው ጀርመን አገር ደርሰዋል።

ከአገር የወጡት ወደው አልነበረም። በዚያ ዘመን በሃይማኖት ምክንያት ከባድ ጠብ ነበር። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ፤ ልጃቸው አፄ ፋሲለደስ ሲነግሡ ደግሞ ከውጭ የመጡት የካቶሊክ ካህናት ተባረሩ። አባ ጎርጎርዮስ ከእነዚያ ካህናት ጋር ወግነው ስለነበር እሳቸውም ተሰደዱ። ሲሄዱ ግን ማንም ሊቀማቸው የማይችል አንድ ስንቅ ነበራቸው፤ ግዕዝና አማርኛ።

እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ከተማ ነበሩ። እዚያ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ሀበሾች የሚያርፉበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። አንድ ቀን ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ መጣ። ሉዶልፍ ብዙ ቋንቋ የተማረ ወጣት ነበር፤ ግዕዝንም ከመጻሕፍት ብቻ ለመማር ሲታገል ቆይቷል። መጽሐፍ ግን “እንዲህ አይባልም” ብሎ አያርምም። የሚያርመው ሰው ያገኘው ያን ቀን ነው። መጀመሪያ ላይ መግባባቱ ቀላል አልነበረም፤ ግዕዝ የጸሎትና የጽሕፈት ቋንቋ እንጂ የዕለት መነጋገሪያ ስላልነበረ ሁለቱም መላመድ ነበረባቸው። ቢሆንም ተግባቡ፤ ሲለያዩም ደብዳቤ መጻጻፍ አላቋረጡም።

እ.ኤ.አ. በ1652 አባ ጎርጎርዮስ በመስፍኑ በኤርነስት ግብዣ ወደ ጎታ ከተማ ተጓዙ። እዚያ ለወራት ከሉዶልፍ ጋር ተቀምጠው ሠሩ። ሉዶልፍ ስለ ቃሉ፣ ስለ አገሩ፣ ስለ ንጉሡ፣ ስለ እንስሳው ይጠይቃል፤ አባ ጎርጎርዮስ ይመልሳሉ፤ ያ ይጽፋል።

ልጆች፣ መዝገበ ቃላት እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ቃል እንያችሁ። “ቆጠበ” የሚለውን እንውሰድ። ከዚህ አንድ ግስ ቁጠባ፣ ቆጣቢ፣ ቁጥብ፣ ተቆጠበ ይወጣሉ። እናት ብር ትቆጥባለች። አነጋገሩን የሚመጥን ሰው ደግሞ “ቁጥብ ነው” ይባላል። ከክፉ ነገር የራቀ “ተቆጠበ” ይባላል። መዝገበ ቃላት ሠሪ እነዚህን ሁሉ እንደ አንድ ቤተሰብ ልጆች ሰብስቦ ከእናታቸው ሥር ያስቀምጣቸዋል፤ የእያንዳንዱንም ጠባይ ይጽፋል። ይህን ለሺዎች ቃላት አድርጉት እንበላችሁ፤ ስንት ክረምትና በጋ እንደሚፈጅ ገምቱ።

አባ ጎርጎርዮስ የድካማቸውን ፍሬ አላዩም። ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ እ.ኤ.አ. በ1658፣ ዛሬ ቱርክ በምንለው አገር ጠረፍ፣ እስክንድሩን አጠገብ መርከባቸው ሰጥማ ባሕር ላይ ቀሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1661፣ የሉዶልፍ የግዕዝና የላቲን መዝገበ ቃላት ለንደን ላይ ታተመ። በ1698 ደግሞ የአማርኛና የላቲን መዝገበ ቃላቱ ፍራንክፈርት ላይ ወጣ። አማርኛ ቃላት ተሰብስበው ከነፍቺያቸው በመጽሐፍ የታተሙበት የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው።

እዚህ ላይ የሂሳብ ሰዎች ጥያቄ እናንሣ። ገንዘብ ሲገባ “ከማን ገባ?” ተብሎ ደረሰኝ ይቆረጣል። በእነዚህ መጻሕፍት ሽፋን ላይ ያለው ስም የሉዶልፍ ነው። ቃሉስ ከማን ገባ? ሉዶልፍ በዚህ ሊመሰገን ይገባል፤ ምን ያህሉን ከአባ ጎርጎርዮስ እንደተማረ ራሱ በመጻሕፍቱ ጽፏል፤ ምስላቸውም ተቀርጾ ታትሟል። ዛሬ ስማቸውን የምንጠራው ደረሰኙ ስለተቆረጠ ነው። ደረሰኝ ያልተቆረጠላቸው፣ ቃል አቀብለው ስማቸው የቀረ ስንት አሉ? ከእነሱ መካከል ሴቶች እንዳሉ አንጠራጠርም፤ ለአባ ጎርጎርዮስም አማርኛን መጀመሪያ የሰጠቻቸው እናት ናት።

ከዚያ በኋላ የራሳችን ሊቃውንት ብዕሩን ይዘዋል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ሮም ሳሉ፣ ኢግናዚዮ ጉዊዲ እ.ኤ.አ. በ1901 ላሳተመው የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት ረዳት ነበሩ። ራሳቸው የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ደግሞ ኢየሩሳሌም ላይ ለተማሪያቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስረከቡ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን ቢያፈሱበትም ታትሞ ሳያዩት አረፉ። አደራው ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ደረሰ፤ እሳቸውም በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ቀጥለውም በ1962 ዓ.ም. የራሳቸውን “ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት” አወጡ። አንዱ ጀመረ፣ አንዱ አሳደገ፣ አንዱ ለአንባቢ አደረሰ። ሦስቱ ሊቃውንት ሥራውን እንደ ቤት ዕቃ ሳይሆን እንደ አደራ ነው የተቀባበሉት።

“ታዲያ ሁሉ ተጽፎ አልቋል” እንዳትሉ። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ሲባል ሁላችሁ ሰምታችኋል። ድር ምንድን ነው? አብዛኞቻችሁ የሸረሪት ቤት ትላላችሁ፤ ትክክል ነው። ጥጥ የምትፈትለዋን አያት ብትጠይቁ ግን ሸማኔው የሚዘረጋውን ክር ትነግራችኋለች፤ ያም ትክክል ነው። ስለ ባዘቶ፣ ስለ እንዝርት፣ ስለ ልቃቂት፣ ስለ ማግም ታክልላችኋለች። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት፤ የፋብሪካውን ጡሩምባ እየሰማ ያደገ ልጅ ግን እንዝርት በእጁ ይዞ ላያውቅ ይችላል። ዕቃው ከቤት ሲወጣ ቃሉም ተከትሎት ይወጣል። በደሴ ቡና ሲጠጣ “ጀባ” የሚባለው፣ ያዘነ ሰው ሲጽናና “አብሽር” የሚባለው፣ ከኦሮምኛ፣ ከአርጎብኛና ከዓረብኛ ተዋውሰን የወሎ ያደረግነው ሁሉ ጸሐፊ ይፈልጋል።

ስለዚህ አንድ ሥራ እንስጣችሁ። የሚያስፈልገው ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ነው። ገጹን በአምስት ዓምድ አስምሩት፤ ቃሉ፣ ፍቺው፣ ቃሉ ያለበት አንድ ዓረፍተ ነገር፣ የነገረችኝ ወይም የነገረኝ ሰው ስም፣ ቦታና ቀን። በሳምንት አምስት ቃል ይበቃል። ፍቺው ላይ ሁለት ሰዎች ካልተስማሙ ሁለቱንም ጻፉ፤ አትፍረዱ። አራተኛውን ዓምድ ባዶ የተወ ልጅ ግን ደብተሩ ተመላሽ ይሆንበታል፤ ያለ ደረሰኝ ገቢ አንቀበልም።

እናቶች፣ ለእናንተም አንድ ነገር አለን። በመካከላችን ቁጠባዋን ስታስገባ በአውራ ጣቷ የምትፈርም አለች። “እኔ ምን አውቄ?” ስትል ሰምተናት እናውቃለን። አባ ጎርጎርዮስ ጎታ የተጠሩት ብር ወይም ወርቅ ስለያዙ አልነበረም፤ በልጅነታቸው እዚህ የሰሙትንና የተማሩትን ስለያዙ ነበር። ልጃችሁ ማታ ደብተር ይዞ “እማዬ፣ ልቃቂት ምንድን ነው?” ብሎ ሲጠይቃችሁ ወደ ሌላ ሰው አትምሩት። ቁጭ በሉና ንገሩት፤ ስማችሁንም አስጽፉ።

የሚሞሉትን ደብተሮች የማህበሩ ቢሮ ተረክቦ፣ እንደ ገንዘብ ሰነዶቻችን ቁጥር ሰጥቶ ያስቀምጣል። የመጀመሪያዎቹን ቃላት ከነተናጋሪዎቻቸው ስም በሚቀጥለው ዕትም እናወጣለን።