የቦርዱ ሰዎች ምን ሠርተው ያውቃሉ?

(በአዲስ አበባ ለሚኖሩ የደጎሎ፣ የመካነ ሰላምና የአካባቢው ተወላጅ እድርተኞች የተደረገ ንግግር ነው። ለጋዜጣው ዓምድ እንዲመች ጥቂት ከማሳጠር በቀር እንደተነገረ ቀርቧል።)



እንደ ወሎ ወጋችን በዱአውም በጸሎቱም ተመራርቀናል። አሁን ወደ ገንዘባችን እንሂድ። ኮሚቴው ከእድራችን ተቀማጭ ላይ ከፍሎ የአንድ ጀማሪ የቴክኖሎጂ ኩባንያ አክሲዮን እንግዛ የሚል ሐሳብ አቅርቧል። የኩባንያውን ስም አልጠራም። ስሙን ብጠራ ነገሩ ሁሉ የእነሱ ጉዳይ ሊመስል ነው፤ ጉዳዩ ግን የእኛ ነው።

የሽያጭ ወረቀታቸው ተሰጥቶኝ አንብቤዋለሁ። ባለቀለም ነው፤ ያብረቀርቃል። ስለ ሥራው የሚያወራው ሁለት ገጽ ብቻ ሲሆን የቀረውን የያዘው የቦርድ አባላቱ ፎቶግራፍ ነው። አንዱ የቀድሞ ሚኒስትር ዴኤታ፣ አንዱ ጡረታ የወጡ ጄኔራል፣ አንዱ አምባሳደር፣ አንዷ በቴሌቪዥን የምናውቃቸው አርቲስት፣ አንዱ ደግሞ «ዶክተር» ናቸው። የምን ዶክተር እንደሆኑ ወረቀቱ አይናገርም። ከኮሚቴያችን አንድ የማከብራቸው ጋሼ፣ «እነዚህ ሁሉ ትልልቅ ሰዎች ያሉበት ነገር እንዴት ይከስራል?» አሉኝ። እኔም ዛሬ የቆምኩት ለእርሳቸው ጥያቄ የምችለውን መልስ ልሰጥ ነው።

ለመሆኑ ቦርድ ማለት ምንድን ነው? አባቶቻችን ከገበያ የእርሻ በሬ ሲገዙ ብቻቸውን አይሄዱም ነበር። በሬ የሚያውቅ ሰው ይዘው ይሄዳሉ። ያ ሰው ጥርሱን ከፍቶ ዕድሜውን ያያል፣ ጫንቃውን ይዳብሳል፣ ወዲያ ወዲህ ያስኬደዋል፣ ቀንበር ለምዷል ወይስ አለመደም ብሎ ይጠይቃል። ምስለኔውን ይዞ በሬ ሊገዛ የሚሄድ ገበሬ አልነበረም። ምስለኔው ትንሽ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የበሬ ጥርስ ከፍቶ ስለማያይ ነው። ሌላም ጥንቃቄ ነበር። ያ አዋቂ የሻጩ ዘመድ አለመሆኑን አስቀድሞ ማጣራት! የአክሲዮን ኩባንያ ቦርድም ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። ገንዘብ ያዋጣው ሕዝብ ሁሉ በየቀኑ ቢሮ ሊገባ ስለማይችል ሥራ አስኪያጁን የሚሾሙና የሚሽሩ፣ ሒሳቡን የሚመረምሩ፣ «ይሄ ነገር እንዴት ነው?» ብለው የሚጠይቁ ሰዎችን ይወክላል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ከ3 ያላነሱ ከ12 ያልበለጡ ይሁኑ ይል ነበር። ያን ሕግ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 ተክቶታል። የሰዎቹ ቁጥር ግን ምንም አይነግረንም። ጥያቄው ምን ሠርተው ያውቃሉ፣ ለማንስ ያድራሉ ነው።

እስቲ አንድ የአሜሪካ ታሪክ ልንገራችሁ። ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤልዛቤት ሆልምስ የምትባል የ19 ዓመት ልጅ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲን አቋርጣ ቴራኖስ የተባለ ኩባንያ አቋቋመች። ከጣት ጫፍ በምትወጣ ጠብታ ደም ብዙ ዓይነት ምርመራ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ አለኝ አለች። ክንድ ላይ መርፌ መወጋት ቀረ ማለት ነው። ማን ይጠላል? ገንዘቡ ጎረፈ። ዋልማርት የሚባለውን የሱቆች ድርጅት የመሠረተው የዋልተን ቤተሰብ 150 ሚሊዮን ዶላር፣ የጋዜጦቹ ከበርቴ ሩፐርት መርዶክ 125 ሚሊዮን ዶላር ግድም አስገቡ። በ2014 ኩባንያው 9 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል ተባለ።

ቦርዱን ደግሞ ተመልከቱልኝ። ሄንሪ ኪሲንጀርና ጆርጅ ሹልትስ፣ ሁለቱም የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩ። የኪሲንጀርን ስም እንኳ ከጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በሬዲዮ ስንሰማ የኖርን እዚህ አለን። ዊሊያም ፔሪ፣ የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩ። ሳም ነን፣ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባል የነበሩ። ጄኔራል ጄምስ ማቲስ፣ በኋላ የመከላከያ ሚኒስትር የሆኑት። አንድ አድሚራል። የትልቅ ባንክ ኃላፊ የነበሩ አንድ ሰው። እንዲህ ያለ ቦርድ አገር ይመራል፤ ጦርነት ያውጃል፤ እርቅ ያወርዳል። ደም መመርመር ግን ሌላ ሙያ ነው። እውነት ለመናገር ሐኪሞችም ነበሩበት። ቢል ፍሪስት ልብና ሳንባ የሚያዛውሩ ቀዶ ጠጋኝ ነበሩ፤ ዊሊያም ፎጅ ፈንጣጣን ከዓለም ለማጥፋት በተደረገው ዘመቻ ስማቸው በክብር የሚነሣ ሰው ናቸው። ነገር ግን ዕድሜውን በላቦራቶሪ መመርመሪያ መሣሪያ ላይ የጨረሰ፣ «ክፈቱልኝና ሆዱን ልየው» የሚል ሰው አልነበረም። ቢኖርም ምን ያደርጋል? የድምፁ ሥልጣን ከሞላ ጎደል በሴትዮዋ እጅ ነበር። ቦርዱ ሊሽራት አይችልም፤ እሷ ግን ቦርዱን መበተን ትችላለች።

የሚገርመው ይሄ ነው። የሹልትስ የልጅ ልጅ ታይለር በኩባንያው ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ትንሽ ልጅ ነው፤ ነገር ግን ሙያው ባዮሎጂ ስለሆነ መሣሪያው የሚሰጠው ውጤት ልክ አለመሆኑን አየ። ሄዶ ለአያቱ ነገራቸው። አያቱ ልጁን ትተው ሴትዮዋን አመኑ። እንዴ! የገዛ ሥጋቸውን! እኒያ ብልህ ሽማግሌ ዲፕሎማሲ ቢሆን ኖሮ ውሸቱን ከሩቅ ያሸቱት ነበር። ይህ ግን አገራቸው አልነበረም። በጥቅምት 2015 ዎል ስትሪት ጆርናል የተባለው ጋዜጣ ጉዱን አወጣው። አብዛኛው ምርመራ የሚሠራው ከሌላ ኩባንያ በተገዛ ተራ መሣሪያ ነበር። መርዶክ የ125 ሚሊዮኑን አክሲዮን ለዚያው ኩባንያ በ1 ዶላር መለሰው ተባለ። በአንድ ዶላር! ኩባንያው በ2018 ፈረሰ፤ ሴትዮዋም ገንዘብ ያስገቡትን ሰዎች በማታለል ጥፋተኛ ተብላ ከ11 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደባት።

«ይሄ የፈረንጅ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ካለ ወደ አገራችን ልምጣለት።

በ2002 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሁላችንም ሜቴክ የምንለው፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተቋቋመ። የመከላከያን ፋብሪካዎች ሰብስቦ የኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ እናት ይሆናል ተባለ። ዋና ዳይሬክተሩ ከትግል ሜዳ የመጡት ጄኔራል ክንፈ ዳኘው፣ የበላይ ተቆጣጣሪውም የመከላከያ ሚኒስቴር ነበር። ከዚያ የሕዳሴው ግድብ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ፣ የስኳር ፋብሪካዎች (የእኛው ክልል ጣና በለስ ጭምር)፣ በኢሉባቦር ያዩ የሚሠራው የማዳበሪያ ፋብሪካ፣ ትራክተር፣ አውቶቡስ፣ ሆቴል ሳይቀር በአንድ ጉያ ገባ። ተርባይን ተክሎ የማያውቅ ድርጅት የአፍሪካን ትልቁን የኃይል ማመንጫ ተርባይን ሊተክል ተዋዋለ ማለት ነው። ወታደር ሥራ አይችልም አልልም። ወታደር ሥራውን ይችላል፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። በወታደር ቤት ደግሞ ትእዛዝ ሲወርድ «እንዴት?» ብሎ መጠየቅ አልተለመደም፤ የቦርድ ሥራ ግን እሱ ብቻ ነው።

አሁን ሙያ ብቻውን በቂ ነው እንዳትሉኝ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያን ዘመን የኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን የቦርድ ሰብሳቢ ዶክተር ደብረ ጽዮን ገብረ ሚካኤል ነበሩ። እሳቸው የተማሩት ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ነው። ቴክኖሎጂ አያውቁም ሊባሉ አይችሉም። ነገር ግን አሠሪው መሥሪያ ቤትም ሠሪው ኮርፖሬሽንም ከአንድ የፖለቲካ ቤት የወጡ ነበሩ። የበሬው አዋቂ የሻጩ ዘመድ ሲሆን ጥርሱ ተከፍቶም አይታይም። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ የግድቡን ሥራ ከሜቴክ መንጠቃቸውን ሲናገሩ ስንት ዓመት ነጉዶ ነበር! ግድቡ የመጀመሪያውን ኃይል ያመነጨው በየካቲት 2014 ዓ.ም. ነው። ኅዳር 2011 ዓ.ም. ዐቃቤ ሕግ ሜቴክ 37 ቢሊዮን ብር የሚያወጣ የውጭ አገር ግዥ ያለ ጨረታ ፈጽሟል ብሎ ለሕዝብ ተናገረ። የወንጀሉን ነገር ለፍርድ ቤት እተወዋለሁ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። 37 ቢሊዮን ብር ያለ ጨረታ ሲወጣ ከጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት የበላይ ተቆጣጣሪዎች ምን ይጽፉ ነበር? ቃለ ጉባኤውን ማን አየው?

ይህ ለጃማና ለቦረና ገበሬ ሩቅ ወሬ አይደለም። የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ሳያልቅ ቆመ። ዋልካ መሬት ላይ ስንዴ የሚዘራ ዘመድ ያለው ሁሉ በ2015 ዓ.ም. ክረምት መዳረሻ ማዳበሪያ ጠፍቶ የሆነውን ያስታውሳል፤ የክልላችን ገበሬ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ሰልፍ ወጥቷል። ያዩ ቢያልቅ ኖሮ ችግሩ ሁሉ ይወገድ ነበር ብዬ አላጋንንም። የማዳበሪያችን ነገር ከውጭ በሚመጣ መርከብ ላይ እንደተንጠለጠለ መቅረቱ ግን ሐቅ ነው። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከናይጄሪያው ባለሀብት ከዳንጎቴ ጋር በጎዴ አዲስ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመሥራት ተፈርሟል። እግዜር ያሳየን።

ክፉውን ብቻ አወራሁ። አገራችን ጀማሪ የቴክኖሎጂ ድርጅት አቋቁማ በወግ አሳድጋ ታውቃለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ተዋውሎ፣ ሥራውን ከሚያውቁት ሥራውን እየተማረ፣ ከ25 ዓመት በኋላ በ1963 ዓ.ም. ነው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔን፣ ያገኘው። በቅርቡም አቶ ግርማ ዋቄ፣ በዚያው ቤት አድገው ድርጅቱን የመሩት፣ በ2014 ዓ.ም. የቦርድ ሰብሳቢ ሲሆኑ ብዙ ሰው «ተመስገን፣ ለባለሙያው ተሰጠ» አለ። በ2015 ዓ.ም. ግን ወንበሩ ለአየር ኃይሉ አዛዥ ለጄኔራል ይልማ መርዳሳ ተሰጠ። ጄኔራሉ አውሮፕላን ያውቃሉ፤ ይሄን መካድ አይገባም። ነገር ግን የጦር መኮንን በሥራ ላይ እያለ የሾመውን አለቃ «ይሄ አያዋጣም» የሚልበት ቀን ይመጣል? መልሱን ለእናንተ ልተወው።

ቴሌንም ሳላነሣ ባልፍ አንዳንዶቻችሁ ትቀየሙኛላችሁ፤ ገዝታችኋልና። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቀረበ። ትንሹ ግዥ 33 አክሲዮን ነበር፤ 9,900 ብር። ትልቁ 3,333። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ብቻ ሲሆን ገዢዎቹም 47 ሺህ ግድም ናቸው። ብልጭ ያለላችሁ ካለ ሒሳቡን ሥሩት። ከ1 ቢሊዮን አክሲዮን ላይ 3,333 ይዞ በጉባኤው የቦርድ አባል አስመርጣለሁ ማለት ጭልፋ ይዞ አባይን እጨልፋለሁ ማለት ነው። ቦርዱን የሚሰይመው መንግሥት ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ሲኖር፣ «ጌቶች፣ ይሄ እኮ ገቢያችን ነው፤ ደንበኛችን ነው» ብሎ ለመከራከር የሚበቃ የቦርድ አባል ከየት ሊመጣ ይችላል? አክሲዮኑ ትርፍ ሊሰጥ ይችላል፤ ጥያቄ የመጠየቅ ሥልጣን ግን አብሮ አልተሸጠም።

እንግዲህ ወደ እድራችን። በ2013 ዓ.ም. በወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 መሠረት ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ኩባንያ ፕሮስፔክተስ የሚሉትን ሰነድ አውጥቶ በባለሥልጣኑ ማጸደቅ አለበት። ያ የሚያብረቀርቀው ወረቀት ፕሮስፔክተስ አይደለም። ኮሚቴው ዋናውን ሰነድ ይጠይቅ፤ «ገና ነው» ካሉ ገና ይሁን፤ እኛም ገና ነን።

ሰነዱ ሲመጣ ከፎቶግራፉ ሥር ያለውን አንብቡ። ይህ ኩባንያ ገንዘብ በስልክ የሚያስተላልፍ ሶፍትዌር እሠራለሁ ይላል። ታዲያ ከቦርዱ ውስጥ ሶፍትዌር ሠርቶ ለሕዝብ አገልግሎት ያበቃ ስንት ሰው አለ? በባንክ ቤት የቁጥጥር ወይም የኦዲት ሥራ የሠራስ? ሒሳብ ማንበብ የሚችልስ? ሚኒስትር ዴኤታው ምን መሥሪያ ቤት ነበሩ፣ ያ መሥሪያ ቤትስ ዛሬ ለዚህ ኩባንያ ፈቃድ ከሚሰጠው አንዱ ነው ወይስ አይደለም? እያንዳንዱ የቦርድ አባል ከገዛ ኪሱ ስንት ብር አስገባ? በነጻ የተሰጠው አክሲዮን ካለ ይነገረን። ከሥራ አስኪያጁ ጋር የሥጋ፣ የጋብቻ፣ የአበልጅነት ዝምድና ያለውስ? አርቲስቷንም መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ባለፈው ዓመት ስንት ስብሰባ ላይ ተገኙ?

ጋሼ፣ እርስዎ «ትልልቅ ሰዎች» ያሉኝን እኔም አከብራቸዋለሁ። በሠርጋችን ብንጠራቸው ከፊት እናስቀምጣቸዋለን። ይህ ገንዘብ ግን የቀብር ገንዘብ ነው። በየወሩ ከጉሊት ንግድና ከቀን ሥራ እየተቆነጠረ የተዋጣ፣ ለድንኳኑ፣ ለከፈኑና ለንፍሮው የተቀመጠ ገንዘብ ነው።

ጥያቄዎቹን በደብዳቤ አርቅቄ ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ። መልሱ በጽሑፍ እስኪመጣ ገንዘቡ ባለበት ባንክ እንዲቆይ ሐሳብ አቀርባለሁ። ደጋፊና ተቃዋሚ ከቡና በኋላ እጁን ያወጣል፤ ከዚያ በፊት ልትጠይቁኝ የምትፈልጉ ካላችሁ እዚሁ ነኝ።