በማሰሮ ያለ ሳንቲም መዝገብ ሲገባ ገንዘብ ይሆናል
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት፣
የተከበራችሁ የወረዳና የቀበሌ የሥራ ኃላፊዎች፣
ክቡራትና ክቡራን፣



በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ኩንታል፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነጋገር የተለመደ ነው። የዛሬው ርዕስ ግን ከዚያ ያነሰ የሚመስል ነገር ነው። በየቤቱ በማሰሮ፣ በቆርቆሮ፣ በሙዳይና በመቀነት ጫፍ የሚጠራቀመው ዝርዝር ገንዘብ ነው። በመርሳም ሆነ በውርጌሳ፣ በጊራናም ሆነ በስሪንቃ፣ በወልድያ ከተማም ቢሆን ጥቂት ሳንቲም ያላስቀመጠ ቤት የለም ማለት ይቻላል። ጥያቄው ያ የተቀመጠው ሳንቲም በቸገረ ቀን ማዳበሪያ የሚገዛ፣ ልጅ የሚያስታክም ገንዘብ ይሆናል ወይ የሚለው ነው።

አንዲት እናትን በምሳሌነት እንውሰድ። ከጊራና መስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም እያመጣች መርሳ ገበያ ትቸረችራለች እንበል። በየገበያው ቀን ከመልስ የተረፈውን 20 ብር በማሰሮ ታኖራለች። በሳምንት አንድ ገበያ ብቻ ብትወጣ በዓመት 52 ገበያ ነው፤ 1,040 ብር ይሆናል። በአምስት ዓመት 5,200 ብር ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ከማንም ያልተበደረችው፣ ማንንም ሳትለምን ያገኘችው ነው።

አሁን ልጇ በሌሊት ታመመ እንበል። ማሰሮውን ይዛ መድኃኒት ቤት ብትሄድ አንድ ሺህ ሳንቲም ቆጥሮ የሚቀበላት ሰው አይገኝም። ጎረቤት ነጋዴ ዘንድ ሄዳ «በወረቀት ብር ቀይርልኝ» ብትል፣ መቸገሯን አይቶ ከ100 ብሩ 10 ብር የሚያስቀርባት አይታጣም። ከ1,040 ብር 104 ብር ቀረባት ማለት ነው። ይህ ከአምስት ገበያ በላይ የቆጠበችው ነው። ሳንቲሙ በሕግ ሙሉ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን ያሳነሰባት ጊዜ ማጣቷ ነው። ስለሆነም ሳንቲም ወደ እጅ ገንዘብ መለወጥ ያለበት ችግር ሳይመጣ፣ በሰላሙ ቀን ነው።

ገንዘብም ዘመን አለው

ወሎ ገንዘብ ሲለዋወጥ ብዙ ያየ አገር ነው። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ የተገበያየበት ዘመን ነበር። ከዚያም በ1780 እ.ኤ.አ. የሚል ዓመት የተቀረጸበት ማርትሬዛ ብር ረጅም ዘመን ነገሠ። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ የማርትሬዛ ዘመን እየተዘጋ ሄደ። ዛሬ ማርትሬዛ የአንገት ጌጥ ሆኖ ይታያል እንጂ ገበያ ወጥቶ ጨው አይገዛም። ከዚያ ወዲህ የወረቀት ብር በ1969 ዓ.ም.፣ በ1990 ዓ.ም.ና በ2013 ዓ.ም. ተለውጧል። እድሜ የሰጠው ሰው በአንድ ሕይወት ሦስቱንም አይቷል።

የ2013ቱ ለውጥ ከሁሉም ቅርብ ስለሆነ ትምህርቱ ትኩስ ነው። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የቀድሞዎቹ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች በአዲስ እንደሚተኩና ባለ 200 ብር ኖት እንደሚወጣ ተነገረ። ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ከ100,000 ብር በላይ ያለው በመጀመሪያው ወር እንዲለውጥ፣ ከ10,000 ብር በላይ ደግሞ በባንክ ሒሳብ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። የባንክ ደብተር የነበረው ሰው ምንም አልተንቀሳቀሰም፤ ገንዘቡ በመዝገብ ላይ ስለነበር ራሱ ተለወጠለት። በሣርና በጭቃ ውስጥ የደበቀ፣ ወይም ለልጁ እንኳ ሳይነግር የቀበረ ግን ቀኑን መቁጠር ነበረበት። ቀኑ ካለፈ በኋላ በግድግዳ ውስጥ የተገኘ የድሮ ብር ወረቀት ብቻ ነው።

በዚያ ለውጥ ሳንቲሞች አልተነኩም። ሆኖም ሳንቲምን ሌላ ነገር ይበላዋል፤ እርሱም የዋጋ ንረት ነው። ባለ አንድ ብር ሳንቲም በ2002 ዓ.ም. ሲወጣ አንድ የአሜሪካ ዶላር 13 ብር ገደማ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ማዳበሪያም ሆነ የጸረ ተባይ መድኃኒት ከውጭ በዶላር የሚገዛ ስለሆነ፣ በ2002 ዓ.ም. በማሰሮ የገባ አንድ ብር ዛሬም ቁጥሩ አንድ ብር ነው፤ የሚገዛው ነገር ግን እጅግ አንሷል። በአንድ ሳንቲም ላይ በሁለት በሬ የሚያርስ ገበሬ ተቀርጿል። ያ ገበሬ ከገበያ ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ ብቻውን የሚገዛው ነገር የለምና።

ሦስተኛው አደጋ ጦርነት ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያና ሀብሩ ደረሰ፤ አካባቢው ነጻ የሆነው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነበር። ባንኮች ተዘጉ፤ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰደደ። ያ ወቅት ሁለት ነገር አስተምሯል። ማሰሮ ከባለቤቱ ጋር አይሰደድም፤ ከባድ ነው፣ ይታያል፣ ይዘረፋል። በሌላ በኩል ገንዘቡን በሙሉ ባንክ ያደረገና ባለበት የቀረ ሰው ለወራት እጁ ባዶ ሆኗል። ስለዚህ የሚበጀው ለጥቂት ሳምንት የሚበቃ በቤት፣ የቀረው በመዝገብ ነው።

ዝርዝርን ወደ ገንዘብ የመለወጫ መንገዶች

አንደኛ፣ መለየትና መቁጠር። ስሙኒው ከስሙኒ፣ ሽልንጉ ከሽልንግ፣ ባለ አንድ ብሩ ከባለ አንድ ብር ጋር ይለይ። አሥር አሥሩን እየደረደሩ አሥር ረድፍ ሲሞላ መቶ ነው። መቶ መቶውን በትንሽ ላስቲክ ወይም በጨርቅ ቋጥሮ በላዩ ቁጥሩን መጻፍ ይገባል። ስሙኒ መቶው 25 ብር፣ ሽልንግ መቶው 50 ብር ነው። ማኅበሩ ትክክለኛ ትንሽ ሚዛን ካለው አንድ የተቆጠረ መቶ መዝኖ ሌላውን በእርሱ ማመሳከር ይቻላል። ክብደቱ ከተለየ ያ ቋጠሮ እንደገና ይቆጠር። የተቆጠረ ሳንቲም ይዞ የሄደን ሰው ማንም «ጊዜ የለኝም» ብሎ አይመልሰውም።

ሁለተኛ፣ ዝርዝር ለሚቸግረው መስጠት። ባለሱቅ መልስ አጥቶ ማስቲካና ከረሜላ ሲሰጥ ያልታየበት ቀን የለም። የባጃጅ ሹፌርና የመኪና ረዳትም ከመርሳ ወልድያ እስኪደርሱ ከተሳፋሪ ጋር በመልስ ይጨቃጨቃሉ። ለእነዚህ ሰዎች ዝርዝር ዕቃ ነው፤ ይፈልጉታል። ከአንድ ታማኝ ባለሱቅ ጋር ተስማምቶ በየሳምንቱ መቶ በመቶ፣ ያለ ምንም ቅናሽ መለወጥ ይቻላል። ቅናሽ የሚጠይቅ ካለ ሌላ ሱቅ አለ። በአሜሪካ በትላልቅ መደብሮች ሳንቲም የሚቆጥር ማሽን ቆሟል፤ ሰው ሳንቲሙን ከነዶለ ማሽኑ ከ100 ዶላር ውስጥ ከአሥር ዶላር በላይ ለራሱ ያስቀራል። ጊዜ የሌለው ሰው ይከፍላል። እዚህ ግን በአንድ ምሽት ከልጆች ጋር ተቀምጦ መቁጠር ያንን ክፍያ ያድናል፤ ልጆቹም ሒሳብ ይማሩበታል።

ሦስተኛ፣ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር። ዋናው መንገድ ይህ ነው። ገንዘቡ በደብተር ሲገባ ሦስት ነገር ያገኛል፤ ስም፣ ወለድና የመበደር መብት። በማሰሮ ያለ 1,040 ብር ብድር አያስገኝም። በደብተር ያለ 1,040 ብር ግን በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ መሠረት ለበግ ወይም ለምርጥ ዘር ብድር መነሻ ይሆናል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ራይፋይዘን የተባለው ጀርመናዊ በ1864 እ.ኤ.አ. የገጠር የብድር ማኅበር ሲያቋቁም፣ ገበሬው ከአራጣ አበዳሪ የሚድነው ጥቂት ጥቂት አዋጥቶ እርስ በርሱ ሲበዳደር ነው ብሎ ነበር የተነሣው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአገራችን አባባልም ይኸው ነው።

አራተኛ፣ የቁጠባ ቡድን። ማኅበሩ ለራቀባቸው ጎጦች ባለ ሦስት ቁልፍ ሳጥን ይጠቅማል። ይህ አሠራር በ1991 እ.ኤ.አ. በኒጀር ሴቶች ዘንድ ተጀምሮ ወደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች፣ ወደ ኢትዮጵያም ደርሷል። ሦስቱ ቁልፎች በሦስት ሴቶች እጅ ይሆናሉ፤ ሳጥኑ በአራተኛዋ ቤት ያድራል። ሳጥኑ የሚከፈተው ሁሉም ባሉበት ብቻ ነው። ከዕቁብ የሚለየው ዕጣ ሳይጠበቅ መበደር መቻሉ ነው። ሳጥኑ ሲሞላ ግን ትርፉ ወደ ማኅበር ወይም ወደ ባንክ መሄድ አለበት፤ የሞላ ሳጥን ሌባ ይጠራል።

አምስተኛ፣ ባንክና ስልክ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የክልሉን ገበሬ ቁጠባ ያስለመደው አብቁተ ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል። ሌሎች ባንኮችም በወልድያና በመርሳ አሉ። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቴሌብር መጥቷል፤ ዝርዝር የሚቸግረው የቴሌብር ወኪል ሳንቲሙን ተቀብሎ በስልክ ያስገባል። ከማስረከብ በፊት ቆጥሮ፣ መልእክቱ ስልክ ላይ እስኪገባ ከወኪሉ አለመለየት ነው። የምሥጢር ቁጥር ለልጅም፣ ለወኪልም፣ «ከመሥሪያ ቤት ነው» ብሎ ለሚደውልም አይነገርም።

ለአመራር አካላትና ለኃላፊዎች

አባሉ ይህን ሁሉ ቢያደርግ ማኅበሩ «ሳንቲም አንቀበልም» ካለው ድካሙ ከንቱ ነው። ገንዘብ ያዡ መቁጠር ስለሰለቸው የተመለሰች አንዲት እናት ዳግመኛ አትመጣም፤ ለጎረቤቶቿም ትነግራለች። በዚህ የተነሣ ማኅበሩ የሚያጣው የእርሷን 20 ብር ብቻ አይደለም፤ የመንደሩን እምነት ነው። ስለሆነም የሚከተሉት ሥራዎች ከዚህ በዓል በኋላ ሊጀመሩ የሚችሉ ናቸው።

• እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር በወር አንድ የገበያ ቀን የሳንቲም መቀበያ ቀን ያድርግ። ሁለት ቆጣሪ ይመደብ፤ ደረሰኝ እዚያው ይሰጥ።
• የተሰበሰበው ሳንቲም ወደ ዩኒየኑና ወደ ማኅበራት ሱቆች ለመልስ ይሂድ። ሱቁም ዝርዝር ያገኛል፤ አባሉም በማስቲካ ፈንታ መልሱን ይቀበላል።
• ደብተሩ በባለቤቷ በራሷ ስም ይከፈት። ሽንኩርት የቸረቸረችው ሚስት ደብተሩ በባል ስም ብቻ ከሆነ፣ ማሰሮዋን መልሳ ትይዛለች።
• የአባላት ሒሳብ በሁለት ቦታ ይመዝገብ፤ አንዱ ግልባጭ ከቢሮው ውጭ ይቀመጥ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የታየውን ማንም አይርሳ።

ስለ ዋስትናም እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. በወጣ ደንብ የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ፣ ባንክ ወይም የማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ቢከስር ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ግን በዚህ ውስጥ የሉም። የማኅበር ቁጠባ ዋስትናው ሌላ ነው፤ በየጊዜው የሚደረግ ኦዲት፣ የማይተኛ ቁጥጥር ኮሚቴ፣ በጠቅላላ ጉባኤ ተነሥቶ «የእኔ ሒሳብ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አባል ነው። ኦዲት ሳይደረግ ዓመት ያለፈበት ማኅበር አባላቱን ቆጥቡ ለማለት አፍ የለውም። የወረዳው ባለሙያዎችም ሥራ ሰውን ስለ ቁጠባ መቀስቀስ ብቻ ሳይሆን፣ የተቆጠበው በቦታው መኖሩን በጊዜው መርምሮ ለአባላት ማሳወቅ ነው።

የተከበራችሁ አባላት፣

የመጀመሪያው ሥራ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከዚህ በዓል ወደ ቤት ሲመለሱ ማሰሮውን ማውረድ፣ ሳንቲሙን መለየት፣ መቁጠር፣ ቁጥሩን በወረቀት መጻፍ ነው። ከሩብ በላይ የማይሆነውን ለድንገተኛ ችግር በቤት አስቀርቶ፣ የቀረውን በሚመጣው ገበያ ወደ ማኅበር ማስገባትና ደረሰኙን ተቀብሎ ቁጥሩን ማመሳከር ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ሳንቲምም በእግሩ የሚሄደው ስምና መዝገብ ሲያገኝ ነው።

በዓሉ የሰላም፣ ዓመቱም የበረከት ይሁንላችሁ!