«በትርፍ ጊዜህ ምን ትሠራለህ?»
(በጀርመንኛ ተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ጀርመንኛ መማር የጀመረ ሰው ስሙንና አገሩን መናገር እንደ ቻለ ወዲያው የሚጠየቀው ጥያቄ «ቫስ ማኽስት ዱ ኢን ዳይነር ፍራይጻይት?» የሚል ነው፤ ይኸውም «በትርፍ ጊዜህ ምን ትሠራለህ?» ማለት ነው። መጽሐፉም መልሱን አዘጋጅቶ ይሰጣል፤ መዋኘት፥ ብስክሌት መንዳት፥ በተራራ ላይ በእግር መጓዝ፥ በበረዶ ላይ መንሸራተት።

እኛ ከፊልቱ የመጣን ተማሪዎች በዚህ ጥያቄ ምክንያት የደረሰብንን እንነግራችኋለን። በቃል ፈተና ቀን ከመካከላችን አንዱ፥ ግመሎቹን በየስማቸው የሚጠራው ጓደኛችን፥ እውነቱን ለመናገር ፈልጎ «ኢሽ ሁተ ካሜለ» አለ፤ «ግመል እጠብቃለሁ» ማለቱ ነው። ፈታኙም «እርሱ ሥራ ነው፤ የጠየቅሁህ ስለ መዝናኛህ ነው» ብለው ነጥብ ቀነሱበት። ተከትለን የገባነው ግን በረዶ የት አይተን! «በበረዶ ላይ መንሸራተት እወዳለሁ» ብለን ሙሉ ነጥብ አገኘን። ሰዋስዋችን ትክክል ነበረ፤ ነገሩ ግን ሐሰት ነበረ። ከፈተናው ስንወጣ ጓደኛችንን ቀና ብለን ለማየት አፈርን።

የተነሣነው ፈታኙን ለመውቀስ አይደለም። ፍራይጻይት «ነጻ» እና «ጊዜ» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ ስለ ሆነ፥ ሥራ የሚያበቃበት ሰዓት እንዳለ ያስባል። ጀርመኖች ቫንደርን የሚሉት የእግር ጉዞም በከተማ ልጆች ዘንድ የተወደደ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1901 በበርሊን አጠገብ በሽቴግሊጽ የተመሠረተው ቫንደርፎገል የተባለው የወጣቶች ማኅበር የተነሣው ከተማሪዎች መካከል ነበር። ለእነርሱ ከከተማ ወጥቶ ሜዳ መዋል ዕረፍት ነው። በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ባለው በእኛ ቆላ ግን ሰው ሜዳ የሚውለው ለኑሮው ነው። ሆኖም በዚያው መካከል ጨዋታ አለ፤ መንጋው ጥላ ሲይዝ እረኞች መሬት ላይ መስመር አስምረው፥ እያንዳንዳቸው ዐሥራ ሁለት ጠጠር ይዘው ሻህ ይጫወታሉ። ሥራውና ደስታው አብረው ይውላሉ።

እንግዲህ ምን ይሻላል? መፍትሔው በራሱ በጀርመንኛ ውስጥ አለ፤ እርሱም «ገርን» የምትለው ትንሽ ቃል ናት። ከግሥ ጋር ስትገባ «ወድጄ፥ ደስ እያለኝ» የሚል ትርጉም ትሰጣለች፤ ሥራን ከጨዋታ አትለይም። ስለዚህ «ቫስ ማኽስት ዱ ገርን?» ብለን እንጠይቅ፤ «ምን መሥራት ደስ ይልሃል?» ማለት ነው። ለታላቅ ሰው ሲሆን «ቫስ ማኽን ዚ ገርን?» ይባላል፤ ዚ እንደ እኛ «እርስዎ» ናትና። ጓደኛችንም «ኢሽ ሁተ ገርን ካሜለ» ቢል፥ ማንም ስሕተት ሊያገኝበት አይችልም። ከዚያ «ቮ?» (የት?)፥ «ሚት ቬም?» (ከማን ጋር?) እያልን እናስከትል፤ እውነተኛው ጭውውት የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው።

መምህራኖቻችንን የምንለምነው ይህን ነው፤ መልሳችንን ስታርሙ ግሡንና አገባቡን መርምሩልን፥ ኑሯችንን ግን አትቀንሱብን። እናንተም ጓደኞቻችን፥ ያላያችሁትን በረዶ ትታችሁ ያያችሁትን ሜዳ በጀርመንኛ ተናገሩ።