ለኮርስ ብስክሌት የትኛው ቸርኬ?

ለኮርስ ብስክሌትዎ አዲስ ቸርኬ ሊገዙ ካሰቡ፣ ከዋጋው በፊት የሚነዱበትን መንገድ ያስቡ። ጥልቀቱ 50 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ቸርኬ ሜዳ ላይ አየሩን ሰንጥቆ ይፈጥናል። የጎን ነፋስ ሲመጣ ግን መሪውን ይገፋል፤ በተለይ ነጂው ቀላል ከሆነ። ከእንጦጦ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው እኔ 30 ሚሊሜትር ገደማውን እመርጣለሁ።

ፍሬንዎ ቸርኬውን ራሱን ቆንጥጦ የሚይዝ ዓይነት ነው? እንግዲያው ካርቦን ይቅርብዎ። ረጅም ቁልቁለት ላይ የፍሬኑ ሙቀት ካርቦኑን ያያያዘውን ሙጫ ሊያለሰልሰው ይችላል፤ አሉሚኒየም ግን ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል። በዲስክ ፍሬን ይህ ስጋት የለም።

ከመክፈልዎ በፊት ቸርኬውን በእጅዎ ያሽከርክሩት፤ ወደ ጎን ከተወላገደ አይግዙት። የሚሰበሩ ሽቦዎቹ መለዋወጫ በአካባቢዎ መኖሩንም ይጠይቁ።